የአድማጩ አድራሻ በማን እጅ ነው?

አንድ ድምፃዊ አዲስ ነጠላ ዜማውን ከነክሊፑ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀና በአንድ ወር ውስጥ 2 ሚሊዮን ጊዜ ታየለት እንበል። ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል ለአንዱ እንኳ «የፊታችን ቅዳሜ ኮንሰርት አለኝ፣ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ብሎ በስሙ ሊጽፍለት አይችልም። ተመልካቾቹ የሚኖሩበትን አገር በጅምላ ያውቃል፤ ዕድሜያቸውና ጾታቸው በመቶኛ ተሰልቶ ይቀርብለታል፤ ማን እንደሆኑ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው መድረኩ፣ ማለትም ዩቲዩብ ነው። ስለ ሙዚቃ ንግድ አዳዲስ አሠራሮች ሲነሳ ክርክራችን ብዙውን ጊዜ «አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲደመጥ ስንት ሳንቲም ይከፈላል» በሚለው ላይ ተወስኖ ይቀራል። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ የተሞከሩትን መንገዶች ደጋግሜ ስመለከት ግን፣ ሙዚቀኛውን ያቆሙትን ከጣሉት የሚለየው ጥያቄ የአድማጩ አድራሻ በማን እጅ ነው የሚለው ሆኖ አገኘዋለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ቁጥር ብቻ በእኛው ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ፌስቡክም ዩቲዩብም ባልነበሩበት ጊዜ ነው። በ1997 ማሪሊዮን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አሜሪካን ለመዞር የሚያበቃ ገንዘብ እንደሌለው ሲሰማ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ አድናቂዎቹ በራሳቸው ተነሳሽነት ወደ 60 ሺህ ዶላር አዋጥተው ጉዞው እንዲሳካ አደረጉ። የባንዱ አባላት ከዚህ የተማሩት ገንዘብ መለመንን አልነበረም። አድናቂዎቻቸው እነማን እንደሆኑ ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ተረዱና የስምና የኢሜይል መዝገባቸውን በጥንቃቄ ማደራጀት ያዙ። በ2001 የወጣውን አልበም ለመሥራት ሲያስቡም ገና አንድ ዘፈን ሳይቀረጽ «ያልተሠራ አልበም ትገዙልናላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ቀድመው ከፈሉ። ሥራው ሲያልቅ ከትልቅ አሳታሚ ጋር የተዋዋሉት እንዲያከፋፍልላቸው ብቻ ነበር፤ መብቱ የራሳቸው ሆኖ ቀረ። ዛሬ በቅድመ ሽያጭ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያገለግሉት ታዋቂ ድረ ገጾች የተፈጠሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አርቲስትሼር የተባለ ድርጅት ሐሳቡን ወደ ጃዝ አመጣው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ማሪያ ሽናይደር በዚሁ መንገድ ከአድማጮቿ ባሰባሰበችው ገንዘብ ያሳተመችው፣ በሱቅ ያልተሸጠና በኢንተርኔት ብቻ የተሰራጨ አልበም በ2005 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ደግሞ ከአሳታሚው ጋር የነበረው ውል ካበቃ በኋላ በጥቅምት 2007 ሰባተኛ አልበሙን በራሱ ድረ ገጽ አውጥቶ «ዋጋውን እናንተው ተምኑ» አለ። ይህ ድርጊት በጋዜጦች ብዙ ተብሎለታል፤ እኔ ግን እንደ አርአያ አልቆጥረውም። ባንዱ ከዚያ በፊት ለዓመታት በትልቅ ኩባንያ ገንዘብ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለነበር፣ ዋጋውን ለአድማጭ ፈቃድ ቢተውም የሚጎዳው አልነበረም። ጀማሪ ድምፃዊ ያንኑ ቢሞክር የሚያገኘውን መገመት አያስቸግርም።

ለእኛ አካባቢ ሰው ልብ የሚቀርበው ምሳሌ የኒፕሲ ሐስል ነው። ሙሉ ስሙ ኤርሚያስ አስገዶም የሆነው፣ ከኤርትራዊ አባት በሎስ አንጀለስ የተወለደው ይህ ራፐር በ2013 ክሬንሾ የተባለ ሥራውን ሲያወጣ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮችን በአንድ ጊዜ አደረገ። ሙዚቃውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት እንዲያወርደው ፈቀደ፤ በዚያው ቀን ደግሞ 1,000 ሲዲዎችን ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ሲዲዎቹ ወዲያው አለቁ፤ ታዋቂው ራፐር ጄይ ዚ ብቻውን 100 ቅጂ መግዛቱ በሰፊው ተወርቷል። በነፃ የሚገኝ ነገር 100 ዶላር የሚከፈልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለዘፈኑ አይደለም። ቁጥር የተሰጠውና የተፈረመበት ቅጂ ባለቤት ይሆናል፤ ለገዢዎች ብቻ ወደተዘጋጀ ኮንሰርት ይጋበዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰፈሩን ሳይለቅ በራሱ እግር ለመቆም የሚታገል ሰው ደጋፊ መሆኑን ያስመሰክራል። ቀጣዩን ሥራውንም 100 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ1,000 ዶላር ሸጠው። ኒፕሲ በመጋቢት 2019 በገዛ ሱቁ ደጃፍ እስከተገደለበት ቀን ድረስ የቅጂውን መብት በእጁ ማቆየትን የሥራው መመሪያ አድርጎት ኖሯል። እኔ የምመለከተው ግን ሌላውንም ጭምር ነው፤ ሽያጩ ሲፈጸም ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኬቪን ኬሊ በ2008 ያቀረበው ስሌት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ አንድ የፈጠራ ሰው 1,000 እውነተኛ አድናቂዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በዓመት 100 ዶላር ቢያወጣለት 100 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ በዚያ ደግሞ ይኖራል። ስሌቱ በየስብሰባው የሚደጋገም ከመሆኑ የተነሣ ቅድመ ሁኔታው ተረስቷል። ኬሊ ክፍያው ከአድናቂው ወደ ሠሪው በቀጥታ መሄድ እንዳለበት አስቀምጦ ነበር። በመካከል ሌላ ሰው ከቆመና ድርሻውን ካነሣ 1,000ው አይበቃም።

በመካከል የሚቆመው ሰው ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ያሳየው የፕሌጅሚውዚክ ታሪክ ነው። በ2009 በእንግሊዝ የተመሠረተው ይህ ድርጅት የሙዚቀኞች ወዳጅ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አድናቂዎች ለሚመጣው አልበም ቀድመው ይከፍላሉ፣ ድርጅቱ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ከዚያም ለሙዚቀኛው ያስተላልፋል። ችግሩ ያለው «ይሰበስባል» በሚለው ላይ ነበር። የአድናቂው ገንዘብ በድርጅቱ እጅ ይቆይ ስለነበር፣ ድርጅቱ የገንዘብ እጥረት ሲገጥመው የሙዚቀኞቹ ክፍያ መዘግየት ጀመረ። በ2019 ፈረሰ፤ ብዙ ሙዚቀኞች አድናቂዎቻቸው የከፈሉትን ሳያገኙ ቀሩ። አንዳንዶቹ ገንዘቡ በእጃቸው ባይገባም አድናቂያቸውን ላለማሳፈር አልበሙን በራሳቸው ወጪ አሳትመው ልከዋል። ስማቸውን ያዋሱት እነርሱ ስለነበሩ ዕዳውም ወደ እነርሱ ዞረ።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አማንዳ ፓልመር ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ በኩል የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የራሱ ፈተና ነበረበት። በ2012 ለአልበሟ 100 ሺህ ዶላር ጠይቃ ከ24 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ሰዎች ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ በየከተማው ያሉ ሙዚቀኞች ያለ ክፍያ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲያጅቧት ስትጋብዝ ከፍተኛ ወቀሳ ደረሰባትና ልትከፍላቸው ተስማማች። አድማጭ በቀጥታ ሲከፍል የገንዘቡ መጠን ለሁሉም ይታያል፤ የታየ ገንዘብ ደግሞ ይጠየቃል። አሳታሚ ኩባንያ ለአንድ አልበም ያወጣውን ገንዘብ ማንም እንዲህ አይቆጣጠርም ነበር። ፓልመር በ2015 ወደ ፓትሪዮን ተሻገረች። ይህ በ2013 ራሱ ሙዚቀኛ በሆነው በጃክ ኮንቴና በባልደረባው የተመሠረተ መድረክ ሲሆን፣ ደጋፊው ለአንድ ሥራ ብቻ ሳይሆን በየወሩ ያለማቋረጥ የሚከፍልበት ነው። ከ10 ሺህ በላይ ደጋፊዎችም አግኝታበታለች። ወርሃዊ ክፍያ ለሙዚቀኛ ከአንድ ጊዜ ስጦታ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የቤት ኪራይም በየወሩ ነውና የሚከፈለው።

ስለ ስትሪሚንግ፣ ማለትም ሙዚቃን በመተግበሪያ አማካይነት ከኢንተርኔት በቀጥታ ስለ ማዳመጥ፣ ሳይነሣ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም ዛሬ የብዙው ዓለም አድማጭ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ መተግበሪያዎች የሚከተሉት፣ የሁሉንም አድማጭ ክፍያ በአንድ ላይ አጠራቅሞ የሚያከፋፍለው የጋራ ቋት አሠራር ለብዙ አድማጮች ግልጽ ስላልሆነ ቀለል ባለ ስሌት ላስረዳ። ሁለት ሰዎች በወር 10 ዶላር ይከፍላሉ። የመጀመሪያው በወሩ ውስጥ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ብቻ 50 ጊዜ ያዳምጣል፤ ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ የታወቁ የፖፕ ዘፈኖችን ከፍቶ 950 ጊዜ ያዳምጣል። መተግበሪያው 30 በመቶውን ቢያስቀር ለሙዚቃ የሚከፋፈለው 14 ዶላር ይሆናል። በጋራ ቋት አሠራር 14ቱ ዶላር ለ1,000ው ማዳመጥ ስለሚካፈል ማሲንቆ ተጫዋቹ የሚያገኘው 70 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው ሰው ሌላ ማንንም ሳያዳምጥ ከከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ሰምቷቸው ወደማያውቃቸው ዘፋኞች ይሄዳል። የእያንዳንዱ አድማጭ ገንዘብ እርሱ ላዳመጣቸው ብቻ ቢከፋፈል ግን ማሲንቆ ተጫዋቹ 7 ዶላር ያገኝ ነበር።

ሳውንድክላውድ የተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ በ2021 ከሁለተኛው አሠራር ጋር የሚመሳሰል መንገድ በራሳቸው ለሚሠሩ (ገለልተኛ) ሙዚቀኞች ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ትልቁ አሳታሚ ዋርነር ሚውዚክም ተቀላቀለው። ዲዘር የተባለው ሌላ መተግበሪያ በ2023 ከአሳታሚው ዩኒቨርሳል ጋር ተስማምቶ በፈረንሳይ ሌላ ስሌት አመጣ፤ በወር ቢያንስ በ500 የተለያዩ ሰዎች 1,000 ጊዜ የሚደመጥ ሙዚቀኛ እያንዳንዱ መደመጡ እንደ ሁለት ይቆጠርለታል። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቋቱ ድርሻ እንዳያገኝ ወሰነ። እነዚህ ለውጦች ትርጉም አላቸው፤ በተለይ የሳውንድክላውዱ ጥቂት ግን ታማኝ አድማጭ ላለው ሰው የሚጠቅም ነው። ሆኖም ሦስቱም የሚያስተካክሉት የክፍፍሉን ስሌት ነው። ያ ማሲንቆ ተጫዋች 7 ዶላሩን ቢያገኝም 50 ጊዜ ያዳመጠው ሰው ማን እንደሆነ አሁንም አልተነገረውም፤ መተግበሪያው ነገ ስሌቱን ቢለውጥ ወይም ቢዘጋ ተጫዋቹ ያንን ሰው ተከትሎት የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ባንድካምፕን ከሌሎቹ ለይቼ የምወድደው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው ይህ የሽያጭ መድረክ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከቲሸርት ሽያጭ ደግሞ 10 በመቶ ይወስዳል፤ የገዢውን ኢሜይል ለሙዚቀኛው ይሰጣል፤ ገዢው ከተተመነው ዋጋ በላይ መክፈል ከፈለገም ይፈቅዳል። ኮሮና የኮንሰርት መድረኮችን ሁሉ በዘጋበት ወቅት፣ መጋቢት 20 ቀን 2020 ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ቀኑን ለሙዚቀኞች ሲያውለው፣ አድማጮች በዚያ አንድ ቀን 4.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ይህም መድረክ የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት ነው፤ በ2022 ለአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ፣ በ2023 ደግሞ ለሌላ ድርጅት ተላለፈና ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተሰናበቱ። ልዩነቱ፣ ባንድካምፕ ነገ ቢዘጋ የገዢዎቹ ኢሜይል በሙዚቀኛው ኮምፒዩተር ውስጥ መቅረቱ ነው።

የአድናቂ ሥራ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ የራሳችን ታሪክም አለ። የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ በ1985 ብቻቸውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ ዓመታት አለፉና በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኑ፤ ደንበኛ ሲጠብቁ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚያስተዋውቅ ብሎግ ነበረው፤ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፣ ባለቤቱንም አፈላልጎ አገኛቸውና በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው ዳግም አወጣው። ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል ይካፈላል። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ዞሩ፤ በ2018 እና በ2020 አዳዲስ አልበሞችን አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቆጨኛል፤ ካሴቱ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ ደራሲውም ሐበሻ በሞላበት ከተማ ታክሲ እየነዱ፣ አገናኛቸው የሩቅ ሰው ነበር።

ወደ ሌላው ጫፍ ስንሄድ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ አለች። ቢቲኤስ የተባለውን ዝነኛ የፖፕ ቡድን ያፈራው ኩባንያ በ2019 ዊቨርስ የተባለ መተግበሪያ ከፍቶ አድናቂውን፣ ሱቁን፣ የአባልነት ክፍያውንና የቀጥታ ስርጭቱን በአንድ ጣራ ሥር አስገባ። አድራሻው በኩባንያው እጅ ነው፤ ለኩባንያውም እጅግ ጠቅሞታል። ነገር ግን በኮሪያ ፖፕ ዓለም አንድ አድናቂ የፎቶ ካርዶችን ለማሟላትና ከዘፋኞቹ ጋር የመገናኛ ዕጣ ለማግኘት አንዱን አልበም ደጋግሞ መግዛቱ የተለመደ ሆኗል። ፍቅርን እስከዚህ ማሟጠጥ ደስ አይለኝም።

በእኛ ዘንድ አድናቂ በቀጥታ መክፈሉ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆው አጅቦ ይመልሳል፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። የቲክቶክ ላይቭ ስጦታ በመልኩ ይህንን ይመስላል፤ ስሙ የተጠራለት ሰው ደግሞ ይልካል፣ ያልተጠራው ይቀናል። ነገር ግን አዝማሪው የሸላሚውን ፊት ያውቃል፣ ሽልማቱም ሳይሸራረፍ ኪሱ ይገባል። በላይቩ ግን መድረኩ ከስጦታው ጉልህ ድርሻ ያስቀራል፤ ስጦታውም የሚዘንበው ብዙውን ጊዜ ለፉክክሩ እንጂ ለዜማው አይደለም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ላባቸውን ያፈሰሱበትን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ፉክክር ሲያወጡ ማየት፣ ይህንን «አድናቂ መር ኢኮኖሚ» ብሎ ለማሞገስ አያስደፍርም።

በካሴቱ ዘመን ድምፃዊው ማስተሩን (የቀረጻውን ዋና ቅጂ) ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ ከዚያ በኋላ ቢሸጥም ባይሸጥም አይመለከተውም፤ አድማጩን የሚያውቀው በኮንሰርት ብቻ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 መብቱን በወረቀት አጸኑለት። ቀጥሎም ሟቹ ኤልያስ መልካ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት አውታር የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2019 ሥራ ጀመረ፤ ሰዋስው ደግሞ ተከተለ። ሙዚቃን በአገር ውስጥ ገንዘብ ለመሸጥ የተደረጉት እነዚህ ጥረቶች የሚመሰገኑ ናቸው። ኪክስታርተር ላይ ዘመቻ መክፈት የሚችሉት በተወሰኑ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ብቻ ስለሆኑና ኢትዮጵያም ከእነዚያ ውስጥ ስለሌለች፣ መንገዱን ራሳችን መጥረግ ነበረብን። ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር በመኖሩም ትንንሽ ክፍያዎችን መሰብሰብ ቀልሏል።

ጉድለቱ እዚህም ያው ነው። መተግበሪያው የገዢውን ስልክ ያውቃል፤ የኮንሰርት አዘጋጁ የትኬት ገዢውን ስልክ ያውቃል፤ ድምፃዊው ግን የማንንም አያውቅም። ያለው የማኅበራዊ ገጽ ተከታይ ብቻ ነው። የማውቀው አንድ ድምፃዊ ገጹ ተጠልፎበት ለዓመታት ያሰባሰባቸውን ተከታዮች በአንድ ሌሊት አጥቷል፤ ማንን ደውሎ «እኔ ነኝ፣ አዲሱ ገጼ ይህ ነው» እንደሚል እንኳ አላወቀም። ከዚህ በተጨማሪ የአድማጩ ኪስ ለሁለት ተከፍሏል፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያለው በካርድ ይከፍላል፣ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ያለው በቴሌብር ይከፍላል፣ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ አይገናኙም።

ስለዚህ ሥራውን ለመተግበሪያ ወይም ለአዘጋጅ የሚሰጥ ሙዚቀኛ በውሉ ላይ ከመቶኛው ድርሻ ጎን አንድ አንቀጽ እንዲያስገባ እመክራለሁ፤ ፈቃዳቸውን የሰጡ ገዢዎች ስልክ ቁጥርና የሚኖሩበት ከተማ በየጊዜው ይሰጠኝ የሚል። ፈቃድ የሚለው ቃል የግድ ነው፤ በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ይህንን የሚጠይቅ ነው። 1,000 ፈቃደኛ ሰዎች ያሉት መዝገብ ቢኖረውና እያንዳንዳቸው ለሚመጣው አልበም 500 ብር ቀድመው ቢከፍሉ፣ 500 ሺህ ብር ይዞ ስቱዲዮ ይገባል። ገንዘቡ ግን የፕሌጅሚውዚክ ዕጣ እንዳይደርሰው፣ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ ሰብሳቢው ድርጅት ለራሱ ሥራ ማስኬጃ ሊያወጣው በማይችልበት በተለየ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አሁን ባሉት የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ውል ላይ መጀመሪያ የምፈልገውም ይህንኑ አንቀጽ ነው።